ስድስት ወር በጋርባቴላ

አቶ ጎበና ሮማ የገቡት በጥቅምት 1974 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት በአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ቀያሽ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ጉለሌ ካለችው ቤታቸው ብቻቸውን መቀመጣቸው ሴት ልጃቸውን ዓለምን እረፍት ነሳት። እሷ ሮማ በአንድ ዓለም አቀፍ የምግብ ድርጅት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። «ለዘለቄታው ይምጡ አላልኩም፤ ስድስት ወር ይሞክሩት፤ ካልተስማማዎት ይመለሳሉ» እያለች ደጋግማ ጽፋ፣ በስንት ልመና አመጣቻቸው።

በብርዱ መግቢያ የጠራቻቸውም ሆን ብላ ነው። «በሰኔ ሮማን የማይወድ የለም፤ ብርዷን ከቻሉ ግን ሌላውን አያቅትዎትም» አለቻቸው።

በመጡ በሳምንቱ ፖሊስ ጣቢያ ወስዳ ፔርሜሶ አስወጣችላቸው። የመኖሪያ ፈቃዱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ጋርባቴላ ካለው ቤቷ መስኮት ሥር ተቀመጡ። ዓለም ጠዋት ሥራ ስትሄድ እዚያው ናቸው፤ ማታ ስትመለስም እዚያው። ሰዓታቸውን በአገር ቤት አቆጣጠር ትተውት፣ «ይኼኔ ሩቂያ በሯን ከፍታለች፤ ይኼኔ የስድስት ኪሎ አውቶቡስ አልፏል» ይላሉ። ሩቂያ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት።

ዓለም ቢጨንቃት ጓደኛዋን ለተንኪኤልን ጠራቻት። ለተንኪኤል አሥመራ በአማርኛ የተማረች፣ ፓሪዮሊ ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው የምታርፈው። በአንዱ ሐሙስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሊሞክሩት ነው የመጡት ወይስ ቀኑን ሊገፉ?»

«ለመሞከር ነው ተብያለሁ» አሉ አቶ ጎበና።

«አሎራ፣ እንግዲያው ይስሙኝ። እንግዳ ሆኖ አገር አይሞከርም። አንደኛ፣ ከነገ ጀምሮ ዳቦውን እርስዎ ይግዙ፤ ዓለም አትግዛልዎ። በየቀኑ ከአንዱ ዳቦ ቤት፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ስምዎን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑርዎ። ሰዓትዎን ያስተካክሉ። መንገድ ቢጠፋዎት አይደንግጡ፤ ጠፍቶ የተመለሰ ሰው ነው ሰፈር የሚያውቀው። ደግሞ ደብዳቤ በመጣ ቀን ‹ልመለስ› ብለው አይወስኑ። ያን ቀን ሁሉም ሰው መመለስ ይፈልጋል።»

«አንቺ ስትመጪ ይህን ማን መከረሽ?»

«ማንም» አለች። «እኔ ለአንድ ዓመት ነበር የመጣሁት። ዘንድሮ አሥራ አራተኛዬ ነው። አንድ ድስት እንኳን ሳልገዛ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ። መንገዱ በጦርነት ሲዘጋ ድስትም የለኝ፣ እናቴም የለች።»

አቶ ጎበና በማግስቱ ዳቦ ሊገዙ ወጡ።

ጣልያንኛቸው የጉድ ነበር። በወረራው ዘመን፣ በልጅነታቸው፣ ከጣልያን መንገድ ሠሪዎች ጋር የመለኪያ ሰንሰለት ሲጎትቱ የለቀሟት ናት። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ሳብ፣ ቶሎ በል ይችላሉ፤ ዳቦ ስጠኝ ማለት ግን ይቸግራቸዋል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ቡና ቤት ባለቤት ሬናቶ ሲስቅባቸው ሰነበተ። በኅዳር መጨረሻ ሠራተኞች መጥተው በቡና ቤቱ በር ላይ ያለውን መንገድ ቆፍረው አደሱ። አቶ ጎበና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሦስት ቀን ሲያዩ ቆዩና፣ «ቁልቁለቱ ተሳስቷል፤ ውሃው በርህ ላይ ነው የሚቆመው» አሉት ሬናቶን። ሬናቶ ትከሻውን ነቀነቀ። በሚቀጥለው ዝናብ ውሃው ደጃፉን አልፎ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ጎበና በሰፈሩ ሁሉ «ጆሜትራ» ተባሉ፤ በጣልያንኛ ቀያሽ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ወንበር ይስቡላቸው ጀመር።

ሰዓታቸውንም አስተካከሉ። ሲስቁም ይሰሙ ነበር። ብቻ በየቀኑ፣ ዳቦውን ይዘው ሲመለሱ፣ የደብዳቤ ሣጥኑን ሳይከፍቱ ደረጃውን አይወጡም። የሩቂያ ደብዳቤ ከመጣ እዚያው ቆመው ያነቡታል፤ አንብበው ሲጨርሱ ደግሞ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። የረሳችው ነገር ያለ ይመስል።

በጥር አንድ እሑድ ከዓለምና ከለተንኪኤል ጋር በባቡር ኦስቲያ ሄዱ። ባሕሩ ዳር ሰው አልነበረም፤ የዋናተኞች ጎጆዎች ተቆልፈው፣ ነፋሱ አሸዋውን እየጠረገ ነበር። ዓለም ክንዳቸውን ይዛ ስትሄድ ቆይታ፣ «አባባ፣ ስድስት ወሩ እኮ ተጋመሰ። እንዴት አገኙት?» አለቻቸው።

«ጥሩ ነው።»

«ይቆያሉ ማለት ነው?»

«በሚያዝያ እሄዳለሁ።»

«ምን ጎደለብዎ?»

«ምንም አልጎደለብኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲህ ይስማማኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን ለሩቂያ ቁልፉን ስሰጣት፣ ልጁ ከመጣ በሚያዝያ ይመለሳሉ በዪው፣ እስከዚያ እህል አቅምሺው ብያት ነው የመጣሁት።»

«የትኛው ልጅ?»

አቶ ጎበና ቆሙ። «እኔ ስንት ወንድ ልጅ አለኝ?»

ቶሎሳ የዓለም ታናሽ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በጥር 1970፣ ከቤት ወሰዱት። እናቱ ስንቅ ይዛ ከቀበሌ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወህኒ ቤት ስትመላለስ፣ «እዚህ የለም» ከማለት በቀር ማንም አልነገራት። እሷ ያንኑ እንደያዘች ሞተች። አቶ ጎበና የበሩን ቁልፍ አልቀየሩም፤ አልጋውንም አላነሡም።

ለተንኪኤል ነገሩ ገብቷት ወደ ኋላ ልትቀር ስትል፣ ዓለም እጇን ያዘቻት። «አትሂጂ» አለቻት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ ቶሎሳ አይመጣም።»

ነፋሱ የአቶ ጎበናን ባርኔጣ ወሰደው። ማንም አልተከተለውም።

«አብሮት ታስሮ የነበረ ልጅ በጅቡቲ ወጥቶ ጻፈልኝ። በተወሰደ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጠዋት፣ እሱንና ሌሎችን በየስማቸው ጠርተው አወጧቸው። ሹራቡን አውልቆ ለዚያ ልጅ ሰጠው። ‹አንተ ይበርድሃል› አለው።»

«እናቱ የሠራችለትን?»

«አረንጓዴውን።»

«እሷ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። ደብዳቤው የደረሰኝ እሷ ካረፈች በሁለተኛው ወር ነው።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ያዝሽው?»

«እንዴት ልጻፍልዎ? ፖስታው ይከፈታል። ሲመጡ እነግርዎታለሁ አልኩ። ሲመጡ ደግሞ ከሬናቶ ደጅ ቆመው ሲስቁ አየሁዎት።»

አቶ ጎበና ጥለዋቸው ወደ ውሃው ሄዱ። ማዕበሉ ጫማቸውን ሲያርሰው አልተመለሱም። በባቡሩም እንባ አልወጣቸውም። ቤት ሲደርሱ፣ «አንድ ቀን እንኳን አልቅሰንለት አናውቅም» አሉ።

እውነት ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ሟች ጥቁር መልበስም፣ ድንኳን መጣልም ክልክል ነበር። ለተንኪኤል ይህን ሰምታ ወጣችና ለምታውቃቸው ሁሉ መርዶውን አዳረሰች። ሐሙስ ከሰዓት፣ በዕረፍታቸው፣ በየሰው ቤት የሚሠሩ የአሥመራና የአዲስ አበባ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃውን ሞሉት። የዓለም የሥራ ባልደረቦችም መጡ። ወንበር ባይበቃ ሬናቶ ከቡና ቤቱ አሥር ወንበር ተሸክሞ አመጣ፤ ምን እንደሆነ ሲነግሩት ቡና ቤቱን ዘግቶ ተመለሰና በሩ አጠገብ ቆመ። በትግርኛም በአማርኛም ተለቀሰ። አቶ ጎበና፣ አራት ዓመት ሙሉ ድምፃቸውን ያላወጡት ሰውዬ፣ «ቶሎሳዬ! ጎበዜ!» ብለው ሲጮሁ፣ ዓለም መሬት ተቀምጣ ጉልበታቸውን አቀፈች።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ለሩቂያ ጻፉ። ፖስታ ከፋች እንዳይጠረጥር አድርገው፣ «የምንጠብቀው እንግዳ መንገድ ላይ መቅረቱን ሰምቻለሁ። የወንድምሽ ልጆች ቤት ቸግሯቸዋል ብለሽኝ ነበር፤ ይግቡበት። አልጋውንም ይተኙበት» አሏት። ሩቂያ መረዳቷ ከመልሷ ያስታውቅ ነበር። ልጆቹ መግባታቸውን ነገረቻቸው። ትንሹ ሲመሽ እንደሚያለቅስና አልጋው ላይ ሲያስተኙት ዝም እንደሚል ጽፋ፣ ሌላ አልጨመረችም።

በሚያዝያ ፔርሜሷቸውን ለአንድ ዓመት አሳደሱ። ዓለም ደስታዋን ስትደብቅ አዩዋት። ናፍቆታቸው ግን አልቀለለም፤ እንዲያውም ባሰ። ቀድሞ የሚመጣ ሰው ነበር የሚናፍቁት፤ የሚጠብቁት፣ ደጅ ደጁን የሚያዩለት። አሁን የጉለሌ ቤታቸው ይናፍቃቸዋል፤ ከሰፈሩ ሆስፒታል በላይ ያለው ዳገት፣ ባለቤታቸው የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን፣ ልጁ ደግሞ የት እንደተጣለ የማያውቁት አፈር። ያ አፈር ቢታወቅ በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

በሰኔ አንድ እሑድ ለተንኪኤል ኦስቲያ ወሰደቻቸው። የባሕሩ ዳር በሰው ተጥለቅልቋል፤ ልጆች ውሃው ውስጥ ይጮሃሉ።

«ለመዱት፣ ጋሼ?» አለቻቸው።

«አገሩን ለመድኩት» አሉ አቶ ጎበና። ጫማቸውን ማውለቅ ጀምረው ነበር፤ ማሰሪያው ተቋጥሮ አስቸገራቸው። ለተንኪኤል በርከክ ብላ ፈታችላቸውና ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውሃው አወረደቻቸው።