አልገጠመም

የታላቅ እህቱ የእህተማርያም ኩላሊቶች ሁለቱም ሥራ አቁመው ነበር። ሐኪሙ ለግርማ በግልጽ ነገረው፤ ኩላሊት ደምን እያጣራ ቆሻሻውንና የተረፈውን ውሃ በሽንት ያወጣል፤ ጤነኛ ሰው በአንዱም ይኖራል። ምርመራው ደግሞ የግርማ ኩላሊት ለእሷ እንደሚስማማ አሳይቷል።

«ግን ማንም አያስገድድዎትም» አለው በሩን ዘግቶ። «ካልፈለጉ ‹መስጠት አይችልም› እንላታለን፤ ምክንያቱን አንገልጽም።»

ግርማ የሐኪም ቢላ ታየው፤ ሁለቱ ልጆቹም ታዩት። «እንደዚያ ይሁን» አለ።

ለእህቱ ግን «እትዬ፣ አልገጠመም» ብሎ የነገራት ራሱ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት ሸጣ ያስተማረችው እሷ ናት። ሲያቀረቅር ሐዘን መስሏት ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «አይዞህ ወንድሜ፤ ምን ታደርግ? እግዜር አልፈቀደም።» መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ዳር ወዳለው ቤቷ መሄድ ፈራ። አንድ እሑድ ምሳ ጠራችው። ለእሱ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ቀዳችለት፤ ለራሷ በቡና ስኒ። ለቀኑ የተፈቀደላት ከሁለት ብርጭቆ አይበልጥም። ከምሳ በኋላ ሽንት ቤት ገባ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማል። እህቱ ሽንት ከሸናች ዓመት አልፏታል። ግርማ መሃል ላይ ሊያቋርጠው ሞከረ፤ አልቻለም።

ሲወጣ ፊቱን አይታ «ምን ሆንክ?» አለችው።

«ገጥሟል» አለ። «ፈርቼ ነው የዋሸሁሽ።»

እህተማርያም ሳህኖቹን መደራረቧን አልተወችም። «ስንት ወር ሙሉ ሳጽናናህ ዝም አልክ?» አለች።

«ነገውኑ እሰጥሻለሁ፤ ሐኪሙን ...»

«ተው! በይሉኝታ የተሰጠ ኩላሊት አልቀበልም። ስለፈራህ አልፈርድብህም፤ እኔም እፈራ ነበር። ያቃጠለኝ ውሸቱ ነው።»

ሐሙስ የዲያሊሲስ ቀኗ ነበር። ግርማ ማልዶ ባጃጅ ይዞ በሯ ላይ ቆመ። ገላመጠችውና ገባች። ሆስፒታል ደርሰው ደሟ በቀጭኑ ቱቦ ወደ ማሽኑ ሄዶ ተጣርቶ ሲመለስ፣ አራት ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ተቀመጠ። አላናገረችውም። ሲመልሳት ብቻ፣ ከባጃጁ እየወረደች፣ «ሰኞ እንዳትዘገይ» አለችው።

ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። «እሺ፣ እትዬ» አለ።