ቅቤ የነካው ከሪ

በዚያ እሑድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ኩሽናው ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ ሥጋ ሻጩ አባቴ፣ ከእሱ ጋር ሥጋ ቤቱ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ቤታችንን የያዘችው አክስቴ እና እኔ። አባቴ ወንበሩን በሩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እሱ ሳይነሣለት የሚገባም የሚወጣም የለም።

እኔ ሦስት ዓመት ከአባቴ ጋር ሥጋ ቆርጫለሁ። ከዚያ ቀለም መቀባት ተማርኩና ከሥጋ ቤቱ ወጣሁ። ባለፈው ወር የአንዲት ህንዳዊት ቅመም ነጋዴ ኩሽና ስቀባ ሴትዮዋ በየቀኑ ምሳ ትሰጠኝ ነበር። ስፒናችና ቦሎቄ በቅመም፣ ከሪ ትለዋለች። ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ ወተትም የለበትም። ሥራዬን የጨረስኩ ቀን ብሩሼን ተቀብላ ማማሰያ አስያዘችኝና አሠራሩን አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥጋም ቅቤም በአፌ አልዞረም። ለምን ሲሉኝ ጥሩ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። አልፈልግም፣ በቃ።

አባቴ እንደ ስድብ ቆጠረው። “በሥጋ ያሳደግኩት ልጅ ቅጠል ለቃሚ ሆኖ ይቅር?” አለና ረቡዕ ምሳ ላይ ፍርዱን ሰጠ። “እሑድ እዚሁ ፊቴ ሥራው። አንድ ሳህን ሙሉ ከጨረስኩ ስለ ምግብህም ስለ ሥራህም ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካቃተኝ ግን ሰኞ ቢላህን ይዘህ ሥጋ ቤት ትመጣለህ።”

እኔ እንደ ልማዴ በእሺታ አንገቴን ነቀነቅኩ።

ቦሎቄውን ቅዳሜ ዘፍዝፌ እሑድ ጠዋት ቀቅዬዋለሁ። ዘይቱ ሲግል ከሙኑን ጣል ሳደርግበት ተንጣጣ።

“ሹክሹክታ፣ ድስቱ እንኳ ካንተ የተሻለ ይናገራል!” አለ ወንድሜ። ድምፄ ስለማይሰማ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠራኝ ሹክሹክታ እያለ ነው።

ሽንኩርቱን ጨመርኩ። ሲጠቁር ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ እርድና ድንብላል፣ ከዚያ ቲማቲም። ዘይቱ ወደ ዳር ሲወጣ ቦሎቄውን ከነውኃው ገለበጥኩ፤ ሁለት ጭልፋ ያህል ግን ድስቱ ስላልቻለ ቀረ። ስፒናቹም ግማሹ ብቻ ነው የገባው። የገባውም መጀመሪያ ተቆለለ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ሟሙቶ እፍኝ ብቻ ሆነ።

“ይሄው ነው?” አለ ወንድሜ። “በሬ እንዲህ ጉድ አይሠራህም!”

አባቴን አስነሥቼ ሩዙን ላጥብ ግቢው ቧንቧ ድረስ ወጣሁ። ስመለስ አባቴና ወንድሜ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውጭ እያዩ ያወራሉ፤ አክስቴ ድስቱን እያማሰለች ነበር።

“እንዳያርብህ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ” አለችና ማማሰያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሩዙ ሲደርስ ለአባቴ ሳህኑን ሞልቼ አቀረብኩለት። አንዴ ጎረሰ። ደገመ። ሦስተኛው ላይ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገ።

“እንዲህ ከሆነማ ምን ክፋት አለው?” አለ።

ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ። ደስ አለኝ። ለራሴ ከመጨለፌ በፊት ድስቱን ላማስል ማማሰያውን ሳነሣ ግን ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር ረግቶ አየሁ። ከሱፍ ሌላ ዘይት አንገዛም፤ የሱፍ ዘይት ደግሞ አይረጋም። የሥጋ ሻጭ ልጅ ይህን የሚያውቀው ፊደል ሳይቆጥር ነው። ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። የቅቤው ቆርቆሮ ክዳኑ ተንጋዷል።

አክስቴ ሳይ አየችኝ። ጠቀሰችኝና “ዝም በል” በሚል ዓይነት ራሷን ነቀነቀች።

አባቴ በላይ በላዩ ሲጎርስ ቆይቶ የቀረው አራት ወይም አምስት ጉርሻ ነው። ዝም ብል አለቀ፤ ከሥጋ ቤቱ ነፃ ነኝ። ዝም ማለት ደግሞ ያደግኩበት ነው። ግን ቀለም ያስተማረኝ ሰው ትዝ አለኝ። ግድግዳ ዘይት ከነካው በላዩ አትቀባም ይል ነበር። ስትቀባው ያምራል፤ በሳምንቱ ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል። ያለው መላ ፍቆ እንደገና መጀመር ነው።

“አባዬ፣ አቁም!”

“ማነው የተናገረው?” አለ ወንድሜ ወደ ኋላው ዞሮ።

“ቅቤ ገብቶበታል። ይሄ የኔ ምግብ አይደለም።”

“አንተ ልጅ!” አለች አክስቴ። “ላንተው ብዬ እኮ ነው! አንድ ማንኪያ ቅቤ ምን አላት?”

“አውቃለሁ አክስቴ፣ ለኔ ብለሽ ነው። ግን ጠየቅሽኝ?”

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። “ጅል፣ አሸንፈህ ነበር እኮ።”

“ያሸነፈው ቅቤው ነው” አልኩና ሳህኑን ከፊቱ አነሣሁ። እኛ ቤት ከአባቴ ፊት ሳህን ያነሣ ሰው የለም።

ድስቱ ውስጥ ያለውን ለወንድሜ ገለበጥኩለት። ድስቱን በሙቅ ውኃና በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩ፤ ማማሰያውንም። “አክስቴ፣ እባክሽ ከምድጃው ራቅ በይልኝ” አልኳት፤ ተኮሳትራ ራቀች። በቀረው ስፒናችና በሁለት ጭልፋ ቦሎቄ እንደገና ጀመርኩ። ቲማቲም የቀረው አንድ ብቻ ስለነበር ሎሚ ጨመቅኩበት። አባቴ በረጅሙ እየተነፈሰ ጠበቀ፤ ተነሥቶ ግን አልሄደም።

ሁለተኛውን ሳህን እኩሌታው ድረስ በላና ገፋ አደረገው።

“ያኛው ይሻል ነበር።”

“አዎ፣ ያኛው ይጣፍጥ ነበር። የኔ ግን ይሄ ነው።”

“አልጨረስኩም። ሰኞ ቢላህን ይዘህ ትመጣለህ።”

አንገቴ ሊነቀነቅ ነበር። ያዝኩት።

“አልመጣም።”

“ተስማምተሃል እኮ!”

“አንገቴን ነው የነቀነቅኩት። ስፈራህ እነቀንቃለሁ። አሁን ግን በአፌ ልንገርህ፤ አልመጣም። ሥጋ አልቆርጥም፣ አልበላምም። ከቤቴ ውጣ ካልከኝ ድስቴን ይዤ እወጣለሁ።”

“ድስቱ የአክስቴ ነው” አለ ወንድሜ ዝቅ ባለ ድምፅ። ያን ቀን ሹክ ያለው እሱ ነው።

“ይውሰደው!” አለች አክስቴ።

 አባቴ ውኃ ጠየቀ፤ ቀዳሁለት፤ ጠጣ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ስለ ቢላዬ ሳይጠይቀኝ ከወንድሜ ጋር ወደ ሥጋ ቤት ሄደ። እኔ ባልዲዬንና ብሩሼን ይዤ የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ልቀባ ሄድኩ። ምሳዬ ከእሑዱ የተረፈው ሁለተኛው ከሪ ነበር።