የአሥር አለቃው በቀቀን ዋጋ

ላረጀ ወፍ የእርሻ በሬ ዋጋ የሚከፍል ሰው ምን ፈልጎ ይመስላችኋል? ወፍ ስለሚወድ ነው እንዳትሉኝ! የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጉታ ሁለት መቶ ብሩን ከአስካለች መደብ ላይ ሲያስቀምጥ፣ በሽቦ ቀፎ ውስጥ የተቀመጠውን በቀቀን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

"ቁጠሪው" አላት።

አስካለች እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም።

ጉታ ወደ በሩ ዞረ። እዚያ የቆመው ኦቦ ፈየራ ነበር፤ በአምቦ የቅዳሜ ገበያ በከብት ማሻሻጥ ያረጀ ሰው። ያን ዕለት ጠዋት ታጣቂ ተልኮበት ቁርሱን ሳይጨርስ መጥቷል።

"ኦቦ ፈየራ፣ የገበያው ሰው አንተ ነህ። ዋጋው ይበቃል አይበቃም? ተናገርና እንገላገል።"

"እኔ የማውቀው የቀንድ ከብት ነው፣ ጓድ ጉታ። ይሄን በምን ልገምተው? ጥርስ የለው ከፍቼ አላየው።"

ጉታ ሳቀ። ደጅ የቆመው ታጣቂም ተከትሎ ሳቀ።

"ጥርስ ባይኖረው ምላስ አለው" አለ ጉታ። ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ።

በቀቀኑ አመድማ ነው፤ ጅራቱ ቀይ፣ ደረቱ ላይ ላባው ሳስቷል። የአስካለች ባል አሥር አለቃ አሻግሬ ኮንጎ ዘምቶ ሲመለስ ይዞት መጣ። ቤልጂጎች ሲሸሹ ጥለውት በሄዱት ቤት ውስጥ ነበር ያገኘው። ስሙንም ኮንጎ አለው። ኮንጎ ለገባ ለወጣው ሁሉ በፈረንጆቹ ሰላምታ "ቦንዡር!" ይላል፤ በአስካለች ድምፅ ዶሮዎቹን ጠርቶ ባዶ ግቢ ውስጥ ያሯሩጣቸዋል። ያን ጠዋት ግን ጉታ ሲገባ ላባውን ነፍቶ ወደ ቀፎው ጥግ ተጣበቀ። አንድ ዓይኑን ከሰውየው ላይ አላነሳም፤ ትንፍሽም አላለም።

"እኩለ ቀን ላይ የገበያው ዋርካ ሥር ይዛችሁት ኑ" አለ ጉታ። "በፈቃዷ መሸጧን ሰው ይየው። ደግሞ ኦቦ ፈየራ፣ ድለላ በአብዮቱ የተወገዘ ሥራ መሆኑ አይጠፋህም። እስከ ዛሬ ዝም ያልንህ ሽበትህን አክብረን ነው።"

ብሩን ሰብስቦ ወጣ።

ለምን አይቀማትም? ትሉ ይሆናል። መቀማትማ ያውቅበታል፤ የስንቱን ቤት በር አውልቆ ወስዷል! ነገር ግን አስካለች ስለ ባሏ ለክፍለ ሀገሩ አቤት ብላ ኖሮ ሰኞ መርማሪ ይመጣል ተብሏል። ጉታ ወፉን ቢቀማት ሰው "ምን ፈርቶ ነው?" ይላል። ቢገዛው ግን ገበያ ነው፤ በገበያ ማን ይከሰሳል?

የግቢው ቆርቆሮ በር ከተዘጋ በኋላ ኮንጎ ላባውን አራገፈ። መጀመሪያ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ተሰማ። ፈየራ ወደ ደጅ ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። ቀጥሎ ከጉሮሮ የሚጀምርና በአፍንጫ የሚያልቅ ሳል መጣ፤ አሁን ከዚህ የወጣው የጉታ ሳል።

"አሥር አለቃ! ና ውጣ፤ ለጥያቄ ነው።"

ከዚያ የአሻግሬ ጎርናና ድምፅ፦

"ቆይ፣ ጫማዬን ላጥልቅ።"

"ጫማ አያስፈልግህም።"

በሩ ተወርውሮ ከግድግዳ ሲላተም ተሰማ። ከዚያ ኮንጎ "ቦንዡር" አለ።

ፈየራ መደቡን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

"እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ" አለች አስካለች። "ስመለስ በሩ ተበርግዷል። ቀበሌ ብሄድ 'ባልሽ ሸፍቷል፤ እኛ አልጠራነውም' አሉኝ። የሽፍታ ሚስት ነሽ ብለው የቀበሌውን ሱቅ ካርድ ነጠቁኝ፤ ጡረታውንም አገዱት። የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው።" ወደ ቀፎው በአገጯ ጠቆመች። "በየቀኑ ይደግመዋል። ጎረቤቱ አጥር ሥር ቆሞ ያዳምጣል፤ ስጠይቀው ግን የሰማ የለም።"

ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ጥቁር የወታደር ጫማ አወጣች። ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

"ሰው ባዶ እግሩን ይሸፍታል፣ ኦቦ ፈየራ? ያውም ኮንጎ የዘመተ ወታደር?"

"አትሽጪው" አለ ፈየራ።

"ባልሸጠውስ? አንድ ቀን አጥር ዘለው አንገቱን ይጠመዝዙታል፤ ብሩም ይቀራል። ልጆቹን ተመልከታቸው፤ በቆሎ ብቻ እየቃሙ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። በሁለት መቶ ብር ካቺሲ ወንድሜ ዘንድ እደርሳለሁ፤ ክረምቱንም እወጣበታለሁ። ግን ደግሞ በዚህች ምድር ላይ የአሻግሬ ድምፅ የቀረው እዚህ ሽቦ ውስጥ ነው። ማሎ፣ እባክህ፣ ትክክለኛ ዋጋውን ንገረኝ። አንተ ካልከኝ እሸጠዋለሁ።"

ፈየራ ቀፎውን እንደ በሬ ከላይ እስከ ታች አየው። በሬ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ዕድሜውን አልነበረም፤ ለእርሻ ነው ለእርድ? ነበር የሚለው። የእርሻ በሬ ዋጋው ገና በሚያርሰው ዘመን ነው፤ የእርድ በሬ ዋጋው ሥጋው ብቻ። የአምቦ ገበያ ደግሞ ከአብዮቱ በፊት የነበረ፣ አብዮቱም ያልሻረው ደንብ አለው፦ ሻጭ የከብቱን ዐመል፣ ገዢ የሚገዛበትን ጉዳይ ሰው እየሰማ ይናገራሉ። ሁለቱ ቃል ሳይሰጥ እጅ አይጨባበጥም። ለእርሻ ብሎ ገዝቶ ያረደ ሰው ከዚያ ወዲያ በገበያው ዋስ አያገኝም።

ጉታ የገበያ ልጅ አልነበረም። ለምስክር ብሎ ዋርካውን የመረጠው ራሱ ነው።

"ቀፎውን በነጠላሽ ሸፍኚው" አለ ፈየራ እየተነሳ። "ጫማውንም ያዥ።"

ዋርካው ሥር አቧራው ከብቱን እስከ ጉልበቱ ውጦታል። ከሸነን የመጡ ነጋዴዎች በሬዎቻቸውን እየጎተቱ ለፈየራና ለአስካለች መንገድ ለቀቁላቸው። ጉታ ሁለት ታጣቂ ከኋላው አቁሞ ቀድሟቸው ደርሷል።

"ኦቦ ፈየራ!" ብሎ ጮኸ ከብት ነጋዴው ተሬፋ። "ዛሬ ደግሞ ዶሮ ማሻሻጥ ጀመርክ? ቀንዱ የት አለ?"

ገበያው ሳቀ። ፈየራም ፈገግ አለ።

"ደንቡን ታውቃላችሁ" አለ። "ሻጭ ዐመሉን ትናገር።"

"የምን ዐመል? ወፍ እኮ ነው!" አለ ጉታ። "ብሩን ተቀበይና ሂጂ።"

"ዐመሉ ሳይነገር የማንንም እጅ አላጨባብጥም። የአባትህንም በሬ የሸጥኩት እንዲሁ ነው።"

አስካለች ቀፎውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከጎኑ ጫማውን አስተካክላ አቆመች፤ ባለቤቱ አሁን መጥቶ የሚያጠልቀው ይመስል።

"ዐመሉ አንድ ነው" አለች። "የሰማውን አይረሳም።"

ተሬፋ ሳቁን ዋጠ። ከፊት የቆሙት ጫማውን አዩ፤ ከኋላ ያሉት ምን እንደሆነ ለማየት ተጠጉ። አንዱ ታጣቂ ጠብመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

ጉታ ሳለ።

ከነጠላው ሥር ያው ሳል መለሰለት፤ ከጉሮሮ ጀምሮ በአፍንጫ ያለቀ።

ከሰው መሀል አንዲት ሴት ልትስቅ ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች።  ጉታ ወደ ፈየራ ተጠግቶ ብሩን ደረቱ ላይ ለጠፈበት፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዋጋውን ጥራና አጨባብጥ። አለዚያ ዛሬውኑ እቤትህ እመጣለሁ። ለጥያቄ።"

ፈየራ ጎንበስ አለ። የበረባሶውን ማሰሪያ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን፣ አጥብቆ አሰረ። ሲነሳ ብሩ አቧራው ላይ ወድቆ ነበር፤ ማንም አላነሳውም። ዋጋን በሰው ጆሮ በማንሾካሾክ ያረጀው ሰውዬ በሕይወቱ እንዲያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

"የዚህ ወፍ ዋጋ ሁለት ነው! ለእርድ ከሆነ ሥጋ የለውም፤ ከዶሮ ያንሳል፤ ሃምሳ ሳንቲም። ለማኖር ከሆነ ግን አስካለች የምትጠራውን ያህል ነው። በየቅዳሜውም እዚሁ ዋርካ ሥር ታመጣዋለህ፤ በሕይወት መኖሩን እናያለን፤ የሚለውንም እንሰማለን። ገዢ ቃሉን ሳይሰጥ ገበያ የለም። ለእኔ ጆሮ አትንገረኝ፣ ጉታ! ይኸው አገር ቆሟል፤ ለእነሱ ጮክ ብለህ መልስ። ለማኖር ነው ለእርድ?"