የሞተር ቤቱ ተጨማሪ ሰዓት

ጡረተኛዋ የጂኦግራፊ መምህርት ሻይዋን አጠገቧ አስቀምጣ፣ በየጠዋቱ እንደምታደርገው፣ ስለ ከተማው አሮጌ ቤቶች የምትጽፍበትን የኢንተርኔት ገጽ ከፈተች። ትናንት የለጠፈችው የሞተር ቤቱን ፎቶ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፤ ድሮ ከተማው ሁሉ መብራት የሚያገኘው ከዚያ ቤት ነበር። ዛሬ ይፈርሳል።

አስተያየቱ ጎርፏል። "መብራቱ ሊጠፋ ሲል አንዴ ብልጭ ይል ነበር፤ እናቴ ሥራዋን ለመጨረስ ሩጫ የምትጀምረው ያኔ ነበር" ብላለች አንዷ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ፣ "በፈተና ሰሞን አንድ ሰዓት ይጨመርልን ነበር። እኔ እሱንም ካርታ ተጫውቼ ጨረስኩት፤ ይኸው መቀስ ይዤ ቀረሁ" ብሎ አስቋታል።

ከሥሩ የድሮው ከንቲባ ልጅ፣ "ያቺ ሰዓት የአባቴ ትእዛዝ ነበረች" ሲል ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ምስጋናው ሁሉ ለከንቲባው ሆኗል።

ፋርማሲስቷ ልጇ ጋዋኗን በክንዷ ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች። በእናቷ ትከሻ ላይ ዘንበል ብላ አነበበች።

"እማዬ፣ ዝም ልትይው ነው?"

"ከንቲባው በሕይወት የሉም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።"

"አባዬስ በሕይወት አለ?"

መምህርቷ ገጹን ስትጀምር የራሷን ቤት ጉዳይ ላታነሳ ወስና ነበር። የሞተር ቤቱ ሠራተኛ የነበረው ባሏ ካረፈ ወዲህ፣ ስሙን ለጎረቤት እንኳ የምትጠራው በቁጠባ ነው።

"ባሏን ልታስወድስ ነው ይሉኛል" አለች።

"ይበሉዋ። ሰው ምን የማይለው አለ?" ልጅቷ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። "አለቃው 'ሞተሩን በሰዓቱ ካላጠፋህ ትባረራለህ' ሲለው ምን ነበር ያለው? አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።"

"'ልጆቹ ምዕራፉን ይጨርሱና እሄዳለሁ።'"

አባባሏ ቁርጥ እሱን ሆነ። ሁለቱም ፈገግ አሉ።

"በይ፣ ረፍዶብኛል" አለችና ልጅቷ ግንባሯን ስማት ወጣች።

መምህርቷ ብቻዋን ስትቀር መነጽሯን ጠርጋ መጻፍ ጀመረች። "ከንቲባው ለከተማችን ብዙ ደክመዋል፤ እናመሰግናቸዋለን። ያቺን ሰዓት ግን የጨመረልን የሞተር ቤቱ ሠራተኛ ነው። ማንም አላዘዘውም። ሊያባርሩት ሲሉም አልተወም።"

እዚህ ላይ ቆመች። እዚያው ማብቃት ትችል ነበር። የባሏን ስም ከነአባቱ አስገባች፤ ቀጥሎም "ባለቤቴ ነበር" ብላ ጨመረች። አንድ ጊዜ አነበበችው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ለጠፈችው።

ከሰዓት በኋላ በዚያ በኩል አለፈች። ድንጋዩ ተጭኖ ሄዷል። ሞተር ቤቱ የለም።