አሳማ የታቀፈው ሰውዬ

ሆኖራ ጌራቲ በአሜሪካ፣ በኮኔክቲከት አንድ የብረት ማቅለጫ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበረች። ሴቶቹ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ለልጆች የሚሸጠውን፣ በጥቁር ሰውዬ መልክ የተሠራ የብረት ሳንቲም ማጠራቀሚያ ይቀባሉ፤ አንዷ ኮት፣ አንዷ ዓይን፣ ሆኖራ ከንፈር። ከንፈር ብቻ! የጥቁሩን ሰውዬ ከንፈር እስከ ጆሮው በቀይ ትለቀልቀዋለች። ከጀርባው ያለው መዘውር ሲነካ እጁ ላይ ያስቀመጡለትን ሳንቲም አፉ ውስጥ ይከትና ዓይኑ ይገለበጣል፤ ያኔ ጠረጴዛው በሳቅ ነው።

"ሲላስ፣ ና እስቲ ወንድምህን እይ!" ትለዋለች ጥቁሩን ጠራጊ። በአባቷ ዕድሜ ነው፤ እሷ ግን አንተ ነው የምትለው።

"አየሁት፣ ሚስ ሆኖራ።"

"ታዲያ ምነው አትስቅም? መጫወቻ እኮ ነው!"

"መጫወቻ ነው" ይልና መጥረጊያውን ይገፋል። ምን ይበል? እንጀራው ነው።

አባቷ ማላኪ በረሃብ ዘመን ከአየርላንድ የመጣ ሰው ነው። እዚሁ ፋብሪካ ብረት ሲያቀልጥ ኖሮ የቀለጠው ብረት እግሩን ካቃጠለው ወዲህ ቤት ዋለ፤ ሰውም ረሳው። አንድ ቀን ግን የፋብሪካው ቅርጽ አውጪ ጠራውና፣ ከነባርኔጣው አስቀምጦ፣ ብረቱ የሚቀዳበት ቅርጽ እንዲሆን ፊቱን በእንጨት ቀረጸው። ማላኪ ደስታውን አልቻለውም። "በብረት ልወጣ ነው! ብረቱ አልረሳኝም!" እያለ ለመጠጥ ቤቱ ሁሉ አወራ።

አዲሱ ማጠራቀሚያ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ የሆኖራ ብሩሽ ከእጇ ወደቀ። አፍንጫው ያባቷ፣ ባርኔጣው ያባቷ። ባርኔጣው ላይ የአረቄ ጠርሙስ ተሰክቷል፤ ጭኑ መሐል አሳማ ታቅፏል። ሳንቲም ሲሰጡት ምላሱን አውጥቶ ይውጣል።

"የአየርላንድ ሰካራም ነው፤ አደራ፣ ምላሱ ቀላ ይበል" አለ ፎርማኑ።

እምቢ ብትል ቤት የሚበላ የለም። ምላሱን በቀይ ቀባችው። ለአባቷም አልነገረችውም፤ በምን አፏ!

ቅዳሜ ማላኪ ተላጭቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ ከተፍ አለ።

"የታለሁ?"

አንዱ ጓደኛው ጠረጴዛው ላይ ማጠራቀሚያውን አየና ሳንቲም አስቀምጦ መዘውሩን ነካ። ምላሱ ወጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማላኪ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

"ማነው የቀባው?"

"እኔ ነኝ፣ አባዬ። መጫወቻ እኮ ነው።"

"መጫወቻ ነው" አለና ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አወለቀ። ከዘራውን እየተደገፈ ወደ በሩ አነከሰ።

ያልሳቀው ሲላስ ብቻ ነበር። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በሩን ከፈተለት።

ሆኖራ ሲላስን ቀና ብላ ማየት አቃታት።