ስልክ አስተምራለሁ፤ አልቆጣም

ክረምት በመጣ ቁጥር ትልቅ ሰው ሁሉ አንድ በሽታ ይይዘዋል፤ ለሌላ ሰው ልጅ ሥራ የማፈላለግ በሽታ። ዓመቱን ሙሉ «አጥኑ፣ አጥኑ» ሲል የከረመው ሁሉ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት ተነሥቶ «እኔ በናንተ ዕድሜ» ይላል። ሰፈሩ ፌንጣ እያለ የሚጠራት የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ይህን «እኔ በናንተ ዕድሜ» በአንድ ሳምንት ብቻ ከአራት ሰው ሰምታለች። ከአራቱ ሦስቱን እናቷ ከልጅነታቸው ጀምራ ታውቃቸዋለች፤ በዚያ ዕድሜ ግድግዳ ተደግፎ ከመቆም በቀር የሠሩት ነገር ትዝ አይላትም።

ፌንጣ ግን መካሪ አላስፈለጋትም። ገንዘብ የምትፈልግበት የራሷ ምክንያት ነበራት፤ እሱም እንቅልፍ የሚነሣ ምክንያት ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቀሚስ ስታሳጥር፣ የሰው ዚፕ ስትቀይር ቆይታ ስልክ ገዛችላት። ስልኩ በተገዛ በሦስተኛው ወር ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ጮኸና ዳይሬክተሩ እጅ ገባ። ዳይሬክተሩን ተማሪው ማግኔት ይላቸዋል፤ ስልክ በሄዱበት ሁሉ ስለሚጣበቅባቸው። ደንባቸው አንድ ነው፤ የተወረሰ ስልክ ወላጅ ካልመጣ አይመለስም። ፌንጣ ደግሞ እናቷን ይዛ ከመሄድ ጥርሷን ብትነቀል ትመርጣለች። ዛሬ ነገ ስትል ማግኔት ጡረታ ወጡ፤ አዲሷ ዳይሬክተር የተወረሰ ስልክ ይቀመጥበት የነበረውን መሳቢያ ብትከፍተው ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ስልኩም የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ለእናቷ የነገረቻት ስክሪኑ ተሰንጥቆ ጠጋኝ ጋ እንደሆነ ነው። ከዚያ ባትሪውም ተበላሸ ተባለ። ከዚያ ደግሞ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ተባለ። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ ይሄ ሰውዬ አዲስ ስልክ እየፈለሰፈ ነው እንዴ ትላለች። ፌንጣ አብራ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን አይስቅም። ትምህርት ቤት ሳይከፈት አምሳያውን ስልክ ገዝታ ካልተካች ጉዷ ፈላ።

ያልሞከረችው ነገር የለም። የጎረቤቷን መኪና አጠበች፤ ሰውየው በክፍያ ፈንታ ስለ ቁጠባ ጥቅም ሃያ ደቂቃ አስተማራት። ከጓደኛዋ ጋር አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ልትሸጥ ወጣች፤ ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ዋለና ማንም ሳይጠማው መሸ። ፎቅ ላይ ያሉትን መንትዮች ልትጠብቅ ገባች፤ በሁለተኛው ቀን አንደኛው ክንዷን ነከሳት፤ እናትየው «ወዶሽ እኮ ነው» አለቻት። ፌንጣ ፍቅሩን እዚያው ትታላቸው ወጣች።

እውነተኛውን ሥራ ያገኘችው በጆሮዋ ነው። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ተክዛ ተቀምጣ ሳለ ከጎረቤት ቤት ጩኸት ሰማች። የዳቦ ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ፣ ያ ለደንበኛ ሁሉ አንገቱን ዝቅ አድርጎ መልስ የሚሰጥ ጨዋ ሰው፣ እናቱን ስልክ እያስተማረ ነበር። «እሱን አይደለም! አረንጓዴውን! ስንቴ ልንገርሽ?» አሮጊቷ ቆይተው ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውታል። ፌንጣ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሰፈሩ ውስጥ ልጁ ስልክ ያልገዛለት ሽማግሌ የለም፤ ነገር ግን ሁሉም ይፈራል፤ የሚፈራውም ስልኩን ሳይሆን ልጁን ነው።

በዚያው ቀን የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ በወፍራም ቀለም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ስልክ አስተምራለሁ። አልቆጣም። ከተቆጣሁ ገንዘቡን እመልሳለሁ።» ይዛው ስትወጣ እናቷ የስፌቱን መርፌ አቁማ ቀስ ብላ አነበበችው። ለሁሉም ሰው ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ፌንጣ ጫማዋን እያሰረች፣ ለሚከፍል ሁሉ ብላ መለሰችና ወጣች፤ ማስታወቂያውን ፋርማሲው መስኮት ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ስድሳ አንድ የድምፅ መልእክት ሳትከፍት ያጠራቀመች ጡረተኛ ነርስ መጣች፤ ከመልእክቶቹ ግማሾቹ «ለምን አትመልሺም?» የሚሉ ነበሩ። መንገድ በወጣ ቁጥር ጥሪ የምትዘጋውን የአውሮፕላን ምልክት ነክቶ፣ ስጓዝ የሚደውልልኝ ዘመድ የለኝም እያለ የሚያዝን የድሮ ሾፌር መጣ። የልጅ ልጆቿን ለሁለት ዓመት ፎቶ ስታነሣ የኖረች እመቤት መጣች፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ግን በሙሉ የራሷ ጆሮ ነው። ፌንጣ አንዳቸውንም አልተቆጣችም። ሊነድዳት ሲል ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ትሸጉጥና «ምንም አይደል፣ እንደገና እንሞክር» ትላለች። ሰፈሩ ይህቺ ልጅ ስታድግ ቅድስት ሳትሆን አትቀርም አለ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል የጎደላት የአንድ ተማሪ ክፍያ ብቻ ነበር።

ያ አንድ ተማሪ ማን ሆኖ ቢመጣ ጥሩ ነው? ማግኔት።

አላወቋትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስታውሱ የኖሩት ጥፋትን እንጂ ፊትን አይደለም። ልጃቸው ባሕር ማዶ ነው የምትኖረው፤ የአምስት ወር ሕፃን አላት፤ አባቷ የልጅ ልጃቸውን በቪዲዮ እንዲያዩ ብላ አንጸባራቂ ስልክ ልካላቸዋለች። የፌንጣን ማስታወቂያ ቀድተው አምጥተው «ከተቆጣሁ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። አምስት ቀን ይማራሉ፤ የሚከፍሉት በአምስተኛው ቀን ነው፤ አንዲት ቁጣ ካለች አምስት ሳንቲም የለም። ፌንጣ የነገሩን ክብደት አየችው። የዓመቱ ውሸት ሁሉ በዚህ ሰውዬ ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ ተቀምጧል።

ሳሎኑን ብታዩት! ግድግዳው የምስክር ወረቀት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሲሰናበቱ የተሰጣቸው የትምህርት ቤቱ የእጅ ደወል አለ። ትምህርቱ ሲጀመር ይደውሉታል፤ ሲያልቅም ይደውሉታል። ተማሪው እሳቸው ናቸው፣ የሚደውሉትም እሳቸው ናቸው። መተግበሪያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ትርጉሙ እስኪጻፍላቸው ድረስ መተግበሪያ አልነካም አሉ። ስክሪኑን የሚነኩት የበር ደወል እንደሚጫን ሰው ነው፤ ስልኩ የማያውቁት ሰው ጋ እየደወለ አራት ጊዜ አሳፈራቸው። ጥፋቱ ግን የእሳቸው ሆኖ አያውቅም፤ አንዴ የስልኩ ነው፣ አንዴ የአስተማሪዋ። ፌንጣ እነዚያን አራት ቀናት በእጇ ላይ ተቀምጣ አሳለፈቻቸው።

በአምስተኛው ቀን ማግኔት አንድ ሐሳብ አመጡ። በዚህ በሚያብረቀርቀው ከመለማመድ በአሮጌ ቢለማመዱ እንደሚሻል ነገሯትና ጎንበስ ብለው ከሶፋው ሥር አንድ ካርቶን ጎተቱ። ካርቶኑ በስልክ ሞልቷል። አርባ ይሁን አምሳ ማን ቆጠረው፤ እያንዳንዱ ጀርባው ላይ ወረቀት ተለጥፎበት በቀይ ተጽፎበታል። ከላይ ከነበሩት አንዱ «ዘጠነኛ ለ፤ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ፤ ጮኸ» ይላል።

አነሣችው። «ይሄ የኔ ነው፣ ጋሼ።»

ማግኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩት። ወላጅ መጥቷል ወይ ብለው ጠየቋት። አልመጣም አለች። እንግዲያውስ አሉና ስልኩን ከእጇ ወስደው ወደ ቦታው መለሱት። ትምህርት ቤቱን ለቀዋል እኮ ብላ ለማስረዳት ሞከረች። ማግኔት መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ደንቡ አልወጣም።»

ፌንጣ አንጀቷ አረረ። እናቷ የሰው ዚፕ ስትቀይር ያጎበጠችው ጀርባ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ይሄን ሁሉ የልጅ ንብረት ሶፋ ሥር ከትቶ ላዩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው! እጆቿን ጭኗ ሥር ሸጎጠች፤ ክፍያውም አለ፣ ቃሏም አለ።

ይኼኔ ነው አንጸባራቂው ስልክ የጮኸው። ልጃቸው ናት፤ በቪዲዮ። ማግኔት እጃቸውን ዘረጉ፤ ፌንጣ ግን ቀድማ ላፍ አደረገችው። ከዚያ የእጅ ደወሉን አንዴ ደወለችና ሕፃን እንደምታባብል ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ክፍለ ጊዜ ላይ ነን፣ ጋሼ። ክፍለ ጊዜ ላይ የጮኸ ስልክ ይወረሳል። ልጅዎን ይዘው ሲመጡ ይወስዳሉ።»

«ልጄ ባሕር ማዶ ናት!»

«ደንብ ነው።»

ስልኩ ይጮሃል። የሽማግሌው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። አሳዘኗት፤ ማሳዘናቸው ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ደንባቸውን እስከ መጨረሻው ልታቀምሳቸው ፈልጋ ነበር፤ አንጀቷ አልችል አለና አረንጓዴውን ነካችው።

ልጃቸው ሕፃኑን ታቅፋ ብቅ አለች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ከአባቷ ትከሻ በታች ያለው ካርቶን ላይ ቀረ። ጥጉ ላይ ያለው ሰማያዊው የኔ አይደለም ወይ አለች። ማግኔት፣ ለሌላው ተማሪ ምሳሌ እንዲሆን ብዬ እኮ ነው ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም።

«ወላጅ አምጪ አሉኝ» አለች ልጃቸው። «ወላጄ እርስዎ ነበሩ። ማንን ላምጣ?»

ሕፃኑ ስክሪኑን በመዳፉ ሸፈነው። ማግኔት አንገታቸውን ደፉ። ፌንጣ የራሷን ጉዳይ በሁለት ቃል ነገረቻት፤ ልጃቸው ሰማችና ሕፃኑን ከፍ አድርጋ አሳየች። እኔም አሁን ወላጅ ነኝ፣ ይኸው መጥቻለሁ፣ የማን ወላጅ የሚል ደንብ ደግሞ የለም፤ ይስጧት አለች። ማግኔት ይህን ከየአቅጣጫው መረመሩት፤ ስሕተት አጡበት። ደብተራቸውን አወጡ፤ «ወላጅ ቀርቧል» ብለው በቀይ ጻፉ፤ ፌንጣን አስፈረሙ፤ ስልኩንም የአምስት ቀን ክፍያዋንም ሰጧት። ስትወጣ ሰማያዊውን ስልክ በእጅጌያቸው እየወለወሉ ነበር፤ የመጨረሻውን ደወልም ሳይደውሉ ቀሩ።

ፌንጣ ወደ ቤቷ በረረች። ኪሷ የአንድ ሙሉ ስልክ ገንዘብ ይዟል፤ እጇም ያንኑ ስልክ ይዟል። እንዲህ ያለ ክረምት የት ይገኛል! እናቷ እንደ ወትሮዋ መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። ስልኩን ስታየው እግሯን ከፔዳሉ አነሣች።

«ጠጋኙ ጨረሰ?»

«ጨረሰ።»

«ስንት ወሰደ?»

«ክረምቱን በሙሉ» አለች ፌንጣ።

እናቷ ለጥቂት ጊዜ አየቻትና ነገሩን አልገፋችውም። እጇን በጨርቅ ጠርጋ የራሷን ስልክ ከኪሷ አወጣች። ደንበኞቿ ያለቀ ቀሚስ በፎቶ ላኪልን ይሏታል፤ እንዴት እንደሚላክ ግን አታውቅም። እስቲ አሳዪኝ አለቻት። ፌንጣ ቆማ አሳየቻት። እናቷ ሌላ ቦታ ነካች። እንደገና አሳየቻት። እናቷ ፎቶውን ልታጠፋው ምንም አልቀራትም።

«ኧረ እማዬ፣ እሱን አይደለም! ስንቴ ልንገርሽ?»

ድምፅዋ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። እናቷ ስልኩን ቀስ ብላ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው፤ ክርና ስፒል የምታስቀምጥበትን የመኪናውን መሳቢያ ሳበች፤ የተጣጠፈ ገንዘብ አወጣችና በመዳፏ እየዘረጋች ልጇ ፊት አኖረችው።

«ለአንድ ሰዓት ትምህርት ይበቃ እንደሆነ እዪው» አለች። «ለሚከፍል ሁሉ ነው ብለሽኛል።»

ፌንጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ገንዘቡን ወደ እናቷ ብትገፋው እናቷ መልሳ ገፋችው፤ ከዚያም ስልኩን አንሥታ፣ አንዲት ጣቷን ስክሪኑ ላይ ዘርግታ፣ ሳትነካ ጠበቀች።