ለተዝካሩ ብቻ

አቶ ሀብተጊዮርጊስ «ተዝካሬን በቁሜ አወጣለሁ» ብለው ሲነሱ፣ ፈጠነች የምትባለው ልጃቸው «ጃጁ» ብላ ነበር። ሐኪሙ «ቤት ወስዳችሁ አሳርፏቸው» ካለ ወር አልሞላውም። ሰውዬው ግን ማረፍ የት ያውቃሉ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሶዶ አሰብ፣ ከአሰብ ሶዶ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖሩ። ሲያረጁ ሻንቶ ላይ ወፍጮ ተከሉ። ዘጠና ሊደፍኑ ነው፣ አሁንም በከዘራ ይሮጣሉ። ፈጠነችም የእሳቸው ናት፤ ቆማ ነው የምትበላው።

ወንድሟ ዘሩባቤል «ተዝካር ማለት ሟርት ነው» ብሎ ለጠሪው ሁሉ «የምስጋና ፕሮግራም በሉ» አለ።

«የፈለግከውን በል፣ ብቻ ቶሎ ይለቅ» አለች።

ሶዶ ግቢያቸው ውስጥ የተጣለው ድንኳን ሞላ። ማይክ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ «እኔን የዳሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ሙሽራዬን በጭነት መኪና አምጥተው» ይላል። ሌላዋ «ባሌ ሲሞት እህሌን በነፃ እየፈጩ ልጆቼን ያሳደጉልኝ» ትላለች። ሽማግሌው ማንንም አይሰሙም። ጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር በከዘራቸው ከልለው ደጅ ደጁን ያያሉ።

ቄሱ ሊባርኩ ተነሱ።

«ይቆዩ አባ» አሉ ሀብተጊዮርጊስ። «አንጁሎ አልመጣም።»

አንጁሎ የጉኑኖ ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው የሀብተጊዮርጊስ ረዳት ነበሩ፤ ስንት ዓመት መኪናው ስር አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰው አድረዋል። ከዛ ተጣሉ። ለምን እንደሆነ ፈጠነች አታውቅም፤ ልጅ ነበረች።

«አይመጡም አባዬ። ወጡ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ጥሩት።»

«ተጠርተዋል!»

«እንግዲያ እኔም አልበላም።»

ባዶውን ወንበር በከዘራቸው ይበልጥ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ይሄ ሰውዬ ከነናፍቆቱ ሊሄድብኝ ነው አለች በሆዷ። ሽርጧን ፈትታ ዘሩባቤል ላይ ወረወረችና ወጣች።

«ጉኑኖ። ኮንትራት» አለችው ባለባጃጁን። «ንዳው!»

አንጁሎን እንሰታቸው ስር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ሳሮ፣ ጋሽ አንጁሎ» አለች በወላይትኛ ሰላምታ። «ይነሱ፣ እንሂድ።»

«ሳሮ።» ቀና አሉ። «ማነሽ አንቺ፣ ሳትቀመጪ የምታዢኝ? ተይ፣ አትንገሪኝ። የሀብቴ ልጅ ነሽ።»

«አባዬ እየጠበቁዎት ነው።»

«ጥሪው ደርሶኛል። ምስጋና ነው አሉኝ። ለሀብቴ የምን ምስጋና?» መሬቱን በጣታቸው ጫሩት። «ያኔ እናቴ ቦሼ ሞተች። እሱን እንደ ልጇ ያጎረሰች ሴት ናት። ቀብሯ ላይ የለም።»

«አሰብ ሆነው ይሆናላ!»

«አውቃለሁ። አሰብ መሆኑን መች አጣሁት? ሲመለስ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ። እዚህ፣ አንቺ የቆምሽበት ቆመ። እግዜር ያጥናህ አለኝ። አልተቀመጠም፣ አላለቀሰም። መኪናው በር ላይ እየጮኸ ነበር። ሞተሩን እንኳን አላጠፋም!»

ፈጠነች ዞር አለች። በር ላይ ባጃጁ ይንተከተካል።

«ያን ቀን ማልኩ» አሉ አንጁሎ። «ደጅህን የምረግጠው ለተዝካርህ ብቻ ነው አልኩት። ሰምቷል።»

«አጥፋው!» ብላ ጮኸች ፈጠነች ወደ በሩ።

ባጃጁ ጠፋ። ሳሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ምስጋና ያልነው እኛ ነን፤ ቃሉን ፈርተን። አባዬ የደገሱት ተዝካር ነው። የቁም ተዝካራቸውን።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። ቆይተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሱ ብላ ስትደነግጥ፣ ለካ ሳቅ ነው።

«ይሄ ሌባ!» አሉ። «ይሄ የበረሃ ሌባ! ጋቢዬን አምጡልኝ!»

ሶዶ ሲደርሱ አንጁሎ ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለበሱ። ገና ከበሩ ሙሾውን ጀመሩት።

«ወይኔ ሀብቴ! ወይኔ ነጂው! ሚሌ በረሃ ላይ ውሃውን ለመኪናው አጠጥቶ እኔን በጥም የፈጀኝ! ወይኔ፣ መቀመጥ የማያውቀው!»

ድንኳኑ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አማተበ። ሀብተጊዮርጊስ ተነሱ። አልሳቁም። ጋቢያቸውን አውልቀው እሳቸውም ዘቀዘቁት።

«ወይኔ እማማ ቦሼ!» አሉ። «አጉርሰሽኝ፣ ቆሜ የሄድኩብሽ! ወይኔ እናቴ!»

አንጁሎ ሙሾውን አቋርጠው ጠጋ አሉ። ሀብተጊዮርጊስ ከዘራቸውን ጣሉት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው፣ ባዶው ወንበር አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ተላቀሱ።

ቄሱ ግራ ገብቷቸው ወደ ፈጠነች ዞሩ። «ልጄ፣ ተዝካሩ የማን ነው?»

«ወጡ በረዶ ሆነ እኮ» አለ ዘሩባቤል ከወዲያ።

«ይሁን» አለች ፈጠነች። ለቄሱ ወንበር ሳበችላቸው። «ቁጭ ይበሉ አባ። ገና ነው።»